ምዕራፍ ሦስት፦ ከመቀሌ ለአንድ ቀን ተራራ የሚወጣ ጀማሪ ስንቅና ሸክም

ከመቀሌ ተነሥቶ ተራራ ወጥቶ በዕለቱ ለሚመለስ ጀማሪ ቀዳሚውና ከባዱ ስንቅ ውሃ ነው። ምግቡ፣ ልብሱ፣ መብራቱና መድኃኒቱ ተደምረው ከውሃው ጋር ቢተካከሉ ወይም ቢያንሱ እንጂ ሊበልጡ አይገባም። ይህ ሚዛን የሚሠራው ለዚህ አካባቢ ነው። በሌላ አገር ተራሮች ላይ የተዘጋጁ ዝርዝሮች ሌላ ሚዛን አላቸው። በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቀው ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1906 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ የተመሠረተው «ዘ ማውንቴነርስ» የተባለ ማኅበር በ1930ዎቹ ለጀማሪዎች ያወጣው «አሥሩ አስፈላጊ ነገሮች» ነው። በዚያ የመጀመሪያ ዝርዝር ውስጥ ካርታ፣ ኮምፓስ፣ ትርፍ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ፣ ክብሪትና ቢላዋ ሲገኙ ውሃ ራሱን ችሎ አልተጠቀሰም። የሲያትል ተራሮች በረዶና ጅረት የሞላባቸው ስለሆኑ መንገደኛው የሚፈራው ብርድንና ጭጋግን ነበር። የትግራይ ተራራ የሚነሣው ግን ከደረቅ ሜዳ ነው። የመቀሌ የዓመት ዝናብ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርድና ያልቃል፤ ከመስከረም በኋላ ብዙ ጅረቶች ይደርቃሉ፣ ገደሉ ላይ ያለው ድንጋይም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ ይውላል። ስለዚህ እዚህ ዝርዝሩ ከውሃ ይጀምራል።

ለዚህ ከሁሉ የቀረበው ማስረጃ ከመቀሌ ከተማ በስተምሥራቅ ያለው የእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ነው። ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ የሚገኝበት ይህ ከፍታ በ1888 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ምሽግ ነበር። በሻለቃ ጋሊያኖ የሚመራውና ከ1000 የሚበልጥ ሰው የነበረበት ይህ ጦር መድፍም ጥይትም አላነሰውም፤ ግንቡም ጠንካራ ስለነበር በግንባር የገጠሙት ተዋጊዎች ብዙ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ምሽጉ የሚጠጣበት ምንጭ ግን ከግንቡ ውጭ ነበር። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ በኢትዮጵያውያን እጅ ሲገባ ጦሩ በጥማት ተይዞ በጥር ወር ምሽጉን አስረከበ። ኮረብታውን ለልምምድ የሚወጡ ሰዎች ዛሬ ከግርጌው ውሃ ገዝተው ይሄዳሉ።

መጠኑን ለመገመት የሚረዳው ልማድ ለአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ ግማሽ ሊትር መያዝ ነው። በየካቲት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት፣ በተለይም አቀበቱ ፀሐይ የሚመታው ከሆነ፣ ፍላጎቱ እስከ አንድ ሊትር ሊደርስ ይችላል። የአራት ሰዓት ጉዞ ያሰበ ጀማሪ ሁለት ሊትር ለመንገዱ፣ አንድ ሊትር ደግሞ ለመጠባበቂያ ቢይዝ አልበዛበትም። ይህ ሦስት ኪሎ ነው፤ ሲጀመር ይከብዳል፣ ሲሄዱ ይቀላል። ውሃው በአንድ ትልቅ ዕቃ ከሚያዝ በሁለት ወይም በሦስት ቢከፈል ይሻላል፣ አንዱ ቢቀደድ ወይም ገደል ቢገባ ሌላው ይተርፋልና። ውድ የብረት ኮዳ አያስፈልግም፤ በደንብ የታጠበ ጠንካራ ሃይላንድ ይበቃል፣ ሁለተኛ ጊዜ ከመያዙ በፊት ግን ክዳኑ አለማንጠባጠቡን ማየት ያሻል። ግማሹ ውሃ ሲያልቅ ያልተገባደደ አቀበት ካለ መመለስ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ውሳኔ የሚያዘገዩት ጫፉ ስለሚታያቸው ነው፤ ከጫፉ በኋላ ግን የመውረጃው ሰዓትም እንዳለ ይረሳሉ።

መንገድ ላይ የሚገኝ ምንጭም ሆነ ወንዝ ንጹሕ ይመስል እንጂ ከብትና ፍየል የሚውልበት ነው። የተራራ ውሃ ሳይታከም መጠጣት ለጃርዲያና ለሌሎች የሆድ በሽታዎች ያጋልጣል። ለችግር ጊዜ እንደ ውሃ አጋር ያለ የክሎሪን ፈሳሽ ወይም የውሃ ማከሚያ ኪኒን በትንሽ ብልቃጥ መያዝ ይቻላል፤ መጠኑ በማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው ሆኖ ከተቀላቀለ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። የደፈረሰ ውሃ በነጠላ ተጣርቶ ካልሆነ ክሎሪኑ በሚገባ አይሠራም። በየሸለቆው የተሠሩት አነስተኛ ግድቦች ደግሞ ለዋና የሚያጓጉ ቢሆኑም ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ሊኖርባቸው ስለሚችል እግርን እንኳ ከመንከር መቆጠብ ይገባል።

ብዙ ያላበው ሰው ውሃ ብቻ እየጠጣ ሊደክም፣ ራሱን ሊያመውና ሊያቅለሸልሸው ይችላል፤ የጎደለው ጨው ነው። በማንኛውም መድኃኒት ቤት የሚገኘው ኦ.አር.ኤስ ለዚህ ይረዳል። አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ በትንሽ ውሃ አብዝቶ መበጥበጥ ጉዳት አለው። ሁለት ከረጢት ክብደቱ እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ከማንም ቦርሳ ሊጠፋ አይገባም።

የመንገድ ምግብን በተመለከተ ጀማሪው ከሱፐርማርኬት የሚፈልገው ነገር ትንሽ ነው። አገሩ ለመንገድ የሚሆን ስንቅ ከጥንት ጀምሮ አዘጋጅቷል። በትግራይ ጥሕኒ የሚባለው በሶ ከተቆላ ገብስ የሚዘጋጅ ስለሆነ አይበላሽም፣ በጥቂት ውሃና ማር ወይም ጨው ሲለወስ ያለ እሳት ይደርሳል፣ ብዙ ሰዓትም ያቆያል። ቆሎ፣ ለውዝ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሕምባሻና ቴምርም እንዲሁ ናቸው። ከሙቀት ጋር የማይስማማው ወጥ፣ ሥጋና የተቀቀለ እንቁላል ነው፤ እነዚህን ቤት መተው ይሻላል። ሙዝ ጥሩ ነው፣ ከውሃ በታች ከተቀመጠ ግን ይጨፈለቃል። ቆሎ አፍ ስለሚያደርቅ ውሃ እየጠጡበት መቆርጠም ነው፤ አንድ ጊዜ ብዙ ከመብላትም በየሰዓቱ እፍኝ መውሰድ አቀበት ላይ ይረዳል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ መንገድ ዳር በለስ ይሸጣል። ሻጮቹ ልጣጩን ስለሚያወጡት ከእነሱ ገዝቶ መብላት ያዋጣል፤ ከተክሉ በባዶ እጅ የቀጠፈ ጀማሪ ከዓይን የሚሰወረውን ደቃቅ እሾህ ሲለቅም ይውላል።

ጾምን በተመለከተ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ረቡዕና ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የማይቀምስ፣ ወይም በረመዳን የሚጾም ሰው የመጀመሪያ ተራራውን በዚያ ቀን መውጣት የለበትም። ቀኑን ማዛወር ይቻላል። ፀሐይ ላይ ለአራትና ለአምስት ሰዓት ያለ ውሃ መውጣት ለለመደውም ሰው አደጋ ነው፤ አብረውት ያሉት ተሸክመው የማውረድ ግዴታ ይወድቅባቸዋል።

ከፀሐይ የሚጠብቀው ዋናው ነገር ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ ነው። ከፍታ በየ1000 ሜትሩ ሲጨምር ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር ወደ 10 በመቶ ግድም ይጨምራል፤ መቀሌ ራሷ ከ2000 ሜትር በላይ ናት። በሚያዝያ ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ ፀሐይ በቀትር ልክ ከአናት በላይ ስለምትሆን ገደሉ እንኳ ጥላ አይሰጥም። ነጠላ አናትንና አንገትን ለመሸፈን ከብዙ ፋብሪካ ሠራሽ መሸፈኛ የተሻለ ነው፣ ጸሎት ቤት ሲደረስም ያገለግላል። የገበሬ መንደር ሰዎች ጥላ ይዘው የሚሄዱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነፋስ በሌለበት ሜዳ ላይ ጥላ ይጠቅማል፣ ጠባብ ገደል ላይ ግን ሁለት እጅ ነፃ መሆን ስላለበት ይታጠፋል። የፀሐይ መነጽርና ለከንፈር ትንሽ ቅባት ይጨመራሉ። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ቆዳቸው ለሚቃጠል ሰዎች፣ በተለይም አልቢኒዝም ላለባቸው፣ ከውሃ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ሙቀት ቢሆንም ብርድና ነፋስም የሚረሱ አይደሉም። ከመቀሌ ደቡብ ምሥራቅ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 84 ተርባይኖች አሉት፤ 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ እዚያ የተተከለው ነፋሱ ስለማይታክት ነው። አየሩ በየ1000 ሜትር ከፍታ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ መቀሌ ላይ 22 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት 3400 ሜትር በሚያልፈው እምባ አላጀ ጫፍ ላይ ወደ 14 ዲግሪ ይጠበቃል፤ ላብ ያረጠበው ሸሚዝ በነፋስ ሲመታ ደግሞ ከዚያም በታች ሆኖ ይሰማል። የሚያስፈልገው ነፋስ የማያስገባ ቀጭን ጃኬትና አንድ ሹራብ ነው። ከጥጥ የተሠራ ካናቴራ ላብ ጠጥቶ ስለማይደርቅ የስፖርት ፖሊስተር ካናቴራ ይመረጣል። ሰልባጅ ተራ ላይ በትንሽ ገንዘብ የሚገኘው ሰው ሠራሽ ሹራብ ለዚህ ሥራ ከአዲስ የጥጥ ሹራብ ይበልጣል። ጋቢ ለማታ ሙቀት ወደር ባይኖረውም ዝናብ ሲነካው ይከብዳል፣ በቀላሉም አይደርቅም፤ ለቀን ጉዞ የሚያዝ አይደለም።

በሐምሌና በነሐሴ ለሚወጣ ሰው የዝናብ ልብስ ግዴታ ነው። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ ማልዶ ተነሥቶ ከሰባት ሰዓት በፊት ከጫፍ መውረድ ያስፈልጋል። መብረቅ ሲጀምር ሸንተረር ላይ ወይም ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ለሞት ያጋልጣል። ለስልክና ለትርፍ ልብስ ጠንካራ ፌስታል ወይም የዱቄት ላስቲክ ይበቃል።

ጫማን በተመለከተ የሚሄዱበት ድንጋይ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ከጫማው ዋጋ ይበልጣል። በመቀሌ ዙሪያ ያለው የኖራ ድንጋይና ሸክላማ አፈር ሲደርቅ ይፈረካከሳል፣ ሲርስ ይለጠፋል። ከመቀሌ በስተምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ግድም በምትገኘው ሃገረ ሰላም ዙሪያ፣ በደጉዓ ተምቤን፣ ከጥቁር ድንጋይ የወጣው ዋልካ አፈር ክረምት ላይ ከጫማ ሥር ተሰብስቦ እግርን ያከብዳል። በሐውዜን አቅራቢያ ያሉት የገርዓልታ ተራሮች ግን የአሸዋ ድንጋይ ናቸው። ደረቅ ሲሆን እግር በደንብ ይይዛል፤ ችግሩ ከላዩ የተራገፈው አሸዋ ነው፣ ቁልቁል ላይ ከሶሉ ሥር ይንሸራተታል። ለሁሉም የሚሆነው ጥርስ ያለው ሶል፣ ተረከዝን አጥብቆ የሚይዝና ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከተማ ውስጥ የተለመደ ጫማ ነው። አዲስ ጫማ በመጀመሪያው ተራራ ላይ ማድረግ ከጀማሪ ስሕተቶች ሁሉ በብዛት የሚታየው ነው። የገጠሩ ሰው በሽዳና በበረባሶ እየሮጠ ሲያልፍ ማየት አያታልል፤ እሱ እግሩን ከሕፃንነት ጀምሮ በዚያ ድንጋይ ላይ አለማምዷል። አንድ ትርፍ ካልሲ ይያዛል፤ የረጠበውን ቀይሮ መልበስ እግር ውሃ እንዳይቋጥር ያደርጋል።

ወደ ገርዓልታ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለሚወጣ ሰው ስንቁ ትንሽ ይለያል። አቡነ የማታ ጉሕ የሚደረሰው በቀጥ ያለ ድንጋይ ላይ እጅና እግርን በተጠረበ ጎድጓዳ ውስጥ እያስገቡ በመውጣት ነው፤ እዚያ ላይ ጫማ ይወልቃልና ማሰሪያው ቶሎ የሚፈታ ቢሆን፣ ቦርሳውም ከሰውነት ጋር ተጣብቆ የሚታሰርና ጎን ለጎን የማይወዛወዝ ቢሆን ይመረጣል። በበሩ ፊት ያለው መተላለፊያ ጠባብ፣ ከሥሩም ገደል ነው። ከፍታ የሚያስፈራው ጀማሪ በማርያም ቆርቆር ቢጀምር ይሻለዋል፤ መንገዱ አድካሚ ቢሆንም እንደዚያኛው ራቁት ገደል ላይ መንጠልጠል የለበትም። ለሁለቱም ቦታ ጉልበትና ትከሻ የሚሸፍን ልብስ፣ ነጠላ፣ ለመግቢያና ቁልፍ ይዘው ለሚመጡት ካህን የሚከፈል ዝርዝር ብር፣ ውስጡን ለማየትም የእጅ ባትሪ ያስፈልጋል። ሥዕሎቹን የካሜራ ብልጭታ ስለሚጎዳቸው ያለ ብልጭታ ማንሳት፣ ወይም ጭራሽ አለማንሳት፣ ተገቢ ነው። ለባንክ ዝውውር መተማመን አያዋጣም፤ መረብ በገደል መካከል ይጠፋል።

የእጅ ባትሪ ለቀን ጉዞ የማያስፈልግ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀኑ በታሰበው ሰዓት አያልቅም። መቀሌ ላይ ፀሐይ በታኅሣሥ ወደ 12 ሰዓት ግድም ትጠልቃለች፣ በሰኔም ከምሽቱ አንድ ሰዓት አታልፍም፤ ከጠለቀች በኋላ ያለው ጭላንጭል ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆይም። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ባወጣው ስሌት አንድ ሰው በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ደግሞ አንድ ሰዓት ይጨመርለታል። ስምንት ኪሎ ሜትር ርቀትና 600 ሜትር አቀበት ያለው መንገድ በዚህ ሲሰላ ሁለት ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይሆናል፤ ዕረፍትና ፎቶግራፍ ያለበት ጀማሪ አራት ሰዓት ቢመድብ ያምርበታል። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ሁለቱንም እጅ ነፃ ስለሚያደርግ ከእጅ ባትሪ ይሻላል። የስልክ መብራት ለዚህ አይታሰብም፤ ስልኩ ለመደወያና ለካርታ መቆየት አለበት፣ ፓወር ባንክም የሚያዘው ለዚሁ ነው።

ካርታ ከመነሳት በፊት ስልክ ላይ ይጫናል፣ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት መሆኑም ቤት ውስጥ ይሞከራል። ለደጉዓ ተምቤን ከጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ በ2019 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የጂኦ-ትሬኪንግ መጽሐፍ የእግር መንገዶቹን በካርታ ዘርዝሮ ስለያዘ ከማንኛውም መመሪያ ይልቅ ይጠቅማል። ሆኖም በትግራይ የተካሄደው ጦርነት ካለፈ በኋላ የታተመም ያልታተመም ካርታ የማይነግረው ነገር አለ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ውጊያ በተካሄደባቸው ኮረብታዎች ያልፈነዳ ጥይት፣ የእጅ ቦምብና ፈንጂ ሊኖር ይችላል፤ ምሽግ የሚቆፈረውም ተራራ ላይ ነው። ስለዚህ ጉዞው ከመታሰቡ በፊት የጣቢያውን (የቀበሌውን) አስተዳደርና የመንደሩን እረኞች መጠየቅ፣ ሰውና ከብት ከሚረግጡት መንገድ አለመውጣት፣ ወደ ጉድጓድና አሮጌ ምሽግ አለመግባት፣ የብረት ቁርጥራጭን በምንም ዓይነት አለመንካት ያስፈልጋል። የአካባቢ አስጎብኚ ከብዙ ዕቃ ይበልጣል፤ ለእርሱ የሚከፈለው ብር ከስንቁ ሁሉ በላይ የሚጠብቅ ነው።

የመጀመሪያ እርዳታ ከረጢቱ በአንድ እፍኝ ይያዛል። ፋሻ፣ ጎዝ፣ ፕላስተር፣ ፓራሲታሞል፣ ትንሽ ሳሙናና ወረንጦ ይበቃሉ። ወረንጦ በሌላ አገር ዝርዝር ላይ ከመጨረሻ ቢመጣም በበለስና በግራር እሾህ አገር ቀዳሚ ነው። እግር ማቃጠል እንደ ጀመረ ወዲያው ቆሞ ፕላስተር መለጠፍ ውሃ ከቋጠረ በኋላ ከሚደረገው ሕክምና ሁሉ ይበልጣል። ቁልቋልን መቁረጥም ሆነ መደገፍ አይገባም፤ የሚያፈሰው ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል፣ በብዙ ውሃ አጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ሳሙናው ደግሞ ለውሻ ንክሻ ነው። በየመንደሩ ጫፍ ጥበቃ ላይ ያሉ ውሾች አሉ፤ ዱላ ይዞ መሄድ፣ አለመሮጥና ባለቤቱን መጣራት ይረዳል። ውሻ ከነከሰ ቁስሉ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፣ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ዱላው ቁልቁለት ላይ ጉልበትንም ይረዳል።

እሳት ማቀጣጠያን ብዙ የዓለም ዝርዝሮች ያዛሉ፤ እዚህ ግን የሚያስፈልገው ለችግር ጊዜ አንድ ላይተር ብቻ ነው። የትግራይ ተራሮች ብዙ ዓመት በተከለሉ ቦታዎችና በእርከን ሥራ የዳኑ ናቸው፤ ክልሉ ለዚህ ሥራው በ2017 እ.ኤ.አ. የወርቅ የፊውቸር ፖሊሲ ሽልማት አግኝቷል። ደረቅ እንጨት መልቀም፣ የእርከን ድንጋይ ማንቀሳቀስና እሳት ማንደድ የሌላ ሰው ልፋት ማበላሸት ነው። ባዶ ሃይላንድና ቆሻሻ የሚመለስበት አንድ ፌስታልም ከዕቃው ጋር ይታጠፋል።

ይህ ሁሉ የሚገባው ከ20 እስከ 25 ሊትር በሚይዝ፣ ደረትና ወገብ ላይ ማሰሪያ ባለው የጀርባ ቦርሳ ነው። ለጀማሪ የሸክሙ ክብደት ከሰውነቱ ክብደት አንድ አሥረኛ ባይበልጥ መልካም ነው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው እስከ ስድስት ኪሎ ይሸከማል፣ ከዚህም ግማሹ ውሃ ነው። ውሃው ወደ ጀርባ ተጠግቶ መካከል ላይ፣ ሹራቡ ከታች፣ ጃኬቱና ምግቡ ከላይ፣ ፋሻውና ባትሪው በውጭ ኪስ ይገባሉ። ውሃው ሲከፋፈል ሳይሸራተት በሁለት ጎን እኩል ቢሆን ጠባብ መንገድ ላይ ሰውነት አያዘነብልም።

የመጨረሻው ዕቃ የሚቀረው ቤት ነው። የሚኬድበት ተራራ ስም፣ የሚወጡበትና የሚወርዱበት መንገድ፣ አብረው የሚሄዱት ሰዎችና የመመለሻ ሰዓት ወረቀት ላይ ተጽፎ ለዘመድ ወይም ለጎረቤት ይሰጣል። ከተባለው ሰዓት ሁለት ሰዓት ካለፈ በመጀመሪያ ለአስጎብኚው፣ ቀጥሎም ለጣቢያው አስተዳደር መደወል እንዳለበት ለዚያ ሰው ይነገረዋል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ አምቡላንሱ ግን መንገድ እስካለበት ድረስ ብቻ ስለሚደርስ ከገደል ላይ ወደ መንገድ የሚያወርዱት የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ የአስጎብኚውና የአስተዳደሩ ቁጥር ከመነሳት በፊት በወረቀቱ ላይ ሊጻፍ የሚገባውም ስለዚህ ነው።